ከየት አመጣው?

አክስቴ ስትደውል ሁልጊዜ በአየሩ ነው የምትጀምረው። «በረዶው እንዴት አደረጋችሁ?» ትላለች፤ ሐምሌም ቢሆን። ለእሷ አሜሪካ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። ያን ቀን ግን በረዶውን ረሳችው። ስልኩን ሳነሳ ትንሽ ዝም አለች። ከኋላዋ የጎረቤት ውሻ ይጮኻል። ቤት ውስጥ ብቻዋን መሆኗን አውቃለሁ። እሷ ግን ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ትነግሪኛለሽ?» አለችኝ።

ሳትናገር ገባኝ።

«ያ ልጅ ከየት አመጣው?»

ያ ልጅ የመጨረሻ ልጇ ነው። አራት ወንዶች ወልዳለች፤ እሱ አራተኛው ነው። አንድ ትሪ ላይ በልተን፣ አንድ አልጋ ላይ እግርና ራስ ሆነን ተኝተን ነው ያደግነው። አሁን እሱም እዚሁ አሜሪካ ነው፤ እኔ ሜሪላንድ፣ እሱ ሌላ ግዛት። ስሙን አልጠራም፤ ከተማውንም አልናገርም። ጌይ መሆኑን፣ ወንድ እንደሚወድ ማለቴ ነው፣ ከነገረኝ ዓመታት አልፈዋል። መኪና ውስጥ ነበርን፤ ዝናብ ይጥላል። ሲጨርስ ምን እንደምል ጠፋኝና «እና እራት የት እንብላ?» አልኩት። እስከዛሬ ይስቅብኛል።

እናቱ ጆሮ ግን አልደረሰም ነበር። ማን እንዳደረሰው አላውቅም። ወሬ ቪዛ አይጠየቅም።

«አብሮት የተወለደ ነው፤ ተፈጥሮ ነው» አልኳት። አላሰብኩበትም፤ ከአፌ ነው የወጣው። የሚያሳርፋት መልስ መስሎኝ ነበር። እኔም እፎይ አልኩ። ተፈጥሮ ከሆነ ማንም አይጠየቅበትም፤ እግዜር ያደረገው ነው፤ አለቀ።

አላለቀም። «በምን አወቅሽ?» አለችኝ። አክስቴ የተማረችው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ስትጠይቅ ግን ዳኛ ናት።

በምንም አላወቅኩም። ከፌስቡክ የለቃቀምኩት ነው። «አጣርቼ እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከሥራ ስመለስ የማደርገው ማንበብ ሆነ።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። አክስቴ «ያ ነገር» ነው የምትለው፤ እና አልፈርድባትም። አማርኛችን ይህን ነገር በሰላም የሚጠራበት ቃል የለውም። «ግብረ ሰዶም» ስንል ገና ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ከተማው ተቃጥሏል፤ እሳትና ዲን ዘንቧል። ቃሉ ክሱንም ፍርዱንም ይዞ ነው የሚመጣው። የሰፈሩ ስድብ አለ፤ እሱን አልጽፈውም። «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» የሚለውም አለ፤ ንጹሕ ቃል ነው፤ ግን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። ቡና እያፈላ እንዲህ የሚል ሰው አላየሁም። እነሱ ራሳቸው እርስ በርስ «ዜጋ» ይባባላሉ። መጀመሪያ ስሰማው ሳቅኩ። የአክስቴ ልጅ ግን አልሳቀም።

ሕጉ ደግሞ በግልጽ ተቀምጧል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን የፈጸመ ሰው በቀላል እስራት ይቀጣል ይላል። ከእሱ በፊት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ይቀጣ ነበር። የዚያን ሕግ ረቂቅ በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸው። የራሳቸው አገር ግን በአዋቂዎች መካከል የሚደረገውን በፈረንጅ 1942 ከወንጀልነት አውጥታው ነበር። ክልከላው ከፈረንጅ መጣ ማለቴ አይደለም፤ ፍትሐ ነገሥትም አይፈቅደውም። ብቻ «ነገሩ የፈረንጅ ነው» ሲባል በሰማሁ ቁጥር የፈረንሳይኛው ረቂቅ ትዝ ይለኛል።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ካነበብኳቸው ሰዎች መጀመሪያ የያዘኝ ሳይመን ለቬይ ነው። እንግሊዝ ተወልዶ ካሊፎርኒያ ሶልክ በተባለው ተቋም ይሠራ የነበረ የአንጎል ተመራማሪ ነው። እሱም ጌይ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አብሮት የኖረው ሰው በ1990 በኤድስ ሞተበት። በዚያ ሐዘን ላይ እያለ የ41 ሟቾችን አንጎል አስመጥቶ በአጉሊ መነጽር መቁጠርና መለካት ጀመረ። አሥራ ዘጠኙ በኤድስ የሞቱ ጌይ ወንዶች ነበሩ። ሀይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል የሴሎች ክምችት አለች። ሴት ይወዱ ነበር በተባሉት ወንዶች ላይ ይህች ክምችት ከጌዮቹ ከእጥፍ በላይ ትልቅ ሆና አገኛት። በ1991 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። ዓለም ተንጫጫ። «ተወልደውበት ነው፤ ተረጋገጠ!» ተባለ።

ለቬይ ግን እንዲህ አላለም። ሲወለዱ እንዲህ ነበሩ ብዬ አላረጋገጥኩም፤ ያየሁት የአዋቂ ሰዎችን አንጎል ነው ብሎ ደጋግሞ ተናገረ። ክምችቷ መንስኤ ትሁን ውጤት አይታወቅም። በሽታው ራሱ ነክቷት ይሆናል የሚልም ክርክር ተነሣ። እኔን የያዘኝ ግን ውጤቱ ሳይሆን ሰውዬው ነው። ሰው ሲሞትብን እኛ ድንኳን እንተክላለን። እሱ የራሱን ድንኳን ላብራቶሪ ውስጥ የተከለ መሰለኝ።

በዚያው ዓመት ማይክል ቤይሊና ሪቻርድ ፒላርድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ደግሞ መንትዮችን አጠኑ። ከአንድ እንቁላል ከተገኙ መንትዮች መካከል አንዱ ጌይ ከሆነ ሌላውም የሆነው በ52 ከመቶው ነበር። ከሁለት እንቁላል በተገኙት 22፣ በጉዲፈቻ ወንድማማቾች 11። ቁጥሩ ያምራል። ግን ተሳታፊዎቹን ያገኟቸው በጌዮች ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥተው ነው። ሁለቱም ጌይ የሆኑ መንትዮች ማስታወቂያውን አይተው የመምጣት ዕድላቸው ከፍ ሊል ይችላል። በኋላ ከአገር አቀፍ የመንትዮች መዝገብ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ያነሰ ቁጥር ነው ያገኙት። የዘር እጅ አለበት፤ ሁሉም ነገር ግን ዘር አይደለም። ቢሆንማ መንትያው ሁሉ አንድ ዓይነት በሆነ ነበር።

በ1993 ዲን ሀመር የተባለ ተመራማሪ ኤክስ ክሮሞዞም በሚባለው የዘር ክር ላይ አንድ ቦታ አመለከተና ጋዜጦቹ «የጌይ ጂን» አሉ፤ ጂን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዘር ቅንጣት ነው። እሱን እዚህ ላይ እተወዋለሁ፤ ምክንያቱም 2019 ላይ ከ470 ሺህ በላይ ሰዎች ዘረ መል የተመረመረበት ጥናት ወጣ። የጌይ ጂን የሚባል አንድ ነገር የለም አለ። ትንሽ ትንሽ የሚገፉ እጅግ ብዙ ጂኖች አሉ፤ ጎልተው የታዩት አምስት ቦታዎች ብቻ ናቸው። ሁሉም ተደምረው የሚያስረዱት ልዩነቱን ከ8 እስከ 25 ከመቶ ነው። የአንድን ሰው ዘረ መል አይቶ ማንን እንደሚወድ መናገር አይቻልም።

ከሁሉም ግን ለአክስቴ ይሆናል ብዬ የያዝኩት ሌላ ነው።

በ1996 ሬይ ብላንቻርድና አንቶኒ ቦጋርት የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ታላላቅ ወንድሞች ያሉት ወንድ ልጅ ጌይ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። በእያንዳንዱ ታላቅ ወንድም ዕድሉ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይጨምራል። ታላላቅ እህቶች ምንም አይለውጡም። ቦጋርት በ2006 ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ነገር አሳየ። ቁም ነገሩ አብሮ ማደግ አይደለም። ከአንድ እናት የተወለዱ ከሆነ ተለያይተው ቢያድጉም ያው ነው፤ በጉዲፈቻ የመጣ ወንድም ግን አብሮ ቢያድግም አይቆጠርም። ስለዚህ ነገሩ ከቤቱ ሳይሆን ከማህፀን ነው። የእናትየዋ ሰውነት ወንድ ፅንስን እንደ እንግዳ አይቶ መከላከያ ሳይሠራ አይቀርም፤ በሚቀጥለው ወንድ ደግሞ መከላከያው ይጠነክራል ይላሉ። በ2018 ለዚህ ግምት የደም ምርመራ ማስረጃም አቀረቡ።

አራተኛ ወንድ ልጅ! ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ይዤ ብቻዬን «አገኘሁት» አልኩ። አዲስ አበባ ነግቷል፤ ወዲያው ደወልኩ።

«እቴቴ፣ አገኘሁት እኮ» ብዬ አስረዳኋት። ቀስ ብዬ፣ በምሳሌ። ታላላቅ ወንድሞቹን እየቆጠርኩላት። ስጨርስ «አየሽ፣ እሱ አልመረጠውም» ልላት ነበር።

አላስጨረሰችኝም።

«እንግዲያው ከእኔ ማህፀን ነው» አለች። «የኔ ደም ነው ልጁን ያበላሸው።»

ወንበሬ ላይ ቀዘቀዝኩ። «ልጁ እኮ አልተበላሸም እቴቴ» አልኩ። አልሰማችኝም። «ያኔም ብያለሁ» አለች። «አስሙም ከእኔ ነው።» ከዚያ የከሰሉን ነገር አነሣች። እሱን ነፍሰ ጡር እያለች የታላቅ እህቷን ልጅ ሠርግ ደግሳ ነበር። ሦስት ቀን በጠባብ ማድ ቤት ከሰል ላይ ስታጎነብስ ሰነበተች። ልጁ በሁለት ዓመቱ አስም ሲጀምረው ጭሱን እኔ ነኝ ያጠጣሁት አለች። ያን የሚያክል ዓመት ያን ከሰል ይዛው ኖራለች። እኔ ደግሞ ሌላ ከሰል ጨመርኩላት።

ለማስተካከል ሞከርኩ። ሂሳቡን ነገርኳት። ከመቶ ወንድ ሁለቱ ጌይ ናቸው ብለን ብንነሣ ሦስት ታላላቅ ወንድሞች ያሉት ልጅ ላይ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም፤ ከመቶ አራተኛ ወንዶች ዘጠና አምስቱ እንደማንኛውም ሰው ናቸው አልኳት። እናት ግን በመቶኛ አታስብም። እናት አንድ ልጅ ነው ያላት፤ ያ የታመመው፣ ወይ የራቀው፣ ወይ ወሬ የደረሰበት።

ስልኩን ስዘጋ አንድ ነገር ገባኝ። አክስቴ ስለ አመጣጡ አልነበረም የጠየቀችኝ። የጠየቀችኝ ጥፋተኛውን ነው።

እና ብቻዋን አይደለችም። አንድ ሙሉ ዘመን ሳይንስ ራሱ እናቶች ላይ ጣቱን ሲቀስር ነበር። በ1962 ኧርቪንግ ቢበር የተባለ የኒው ዮርክ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አወጣ። 106 ጌይ ታካሚዎችን አይተው ነገሩ ልጇን ከልክ በላይ የምታቅፍ እናትና የራቀ አባት የሚፈጥሩት ነው አሉ። ያዩት ሐኪም ቤት የመጡ፣ የተጨነቁ ሰዎችን ብቻ ነው። ከእሱ አምስት ዓመት ቀደም ብላ ኤቭሊን ሁከር የተባለች ሳይኮሎጂስት ታካሚ ያልሆኑ 30 ጌዮችንና 30 ሌሎች ወንዶችን ፈትና ነበር። የፈተናውን ውጤት ስም ሳትጽፍበት ለባለሙያዎች ሰጠች። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻሉም። ይህን የሚያህል ማስረጃ እያለ እናቶቹ አሥር ዓመት ተጨማሪ ተወቀሱ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ነገሩን ከበሽታ ዝርዝር ያወጣው በ1973 ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1990።

ዛሬ በጉዳዩ ላይ የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚስማሙበት ነገር አለ። አንድ ምክንያት የለውም። ከመወለድ በፊት ላሉት ምክንያቶች ያለው ማስረጃ ከአስተዳደግ ይልቅ ጠንከር ይላል። ሰው ቁም ሣጥን ከፍቶ እንደ ሸሚዝ አይመርጠውም። ከዚህ በላይ ያለው ገና እየተቆፈረ ነው። ይህን ለአክስቴ በሁለት ደቂቃ መንገር ይቻል ነበር። እኔ ግን ቅኔ መፍታት አማረኝ።

ከእናት ቀጥሎ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሌላ ሰው አለ። ፕሬዚዳንት ናቸው።

በ2013 መጨረሻ የኡጋንዳ ፓርላማ እስከ ዕድሜ ልክ የሚያሳስር ሕግ አጸደቀ። ዩዌሪ ሙሴቬኒ ግን ወዲያው አልፈረሙም። ሳይንቲስቶች ይንገሩኝ አሉ፤ ሰዎቹ እንዲህ ሆነው ይወለዳሉ ወይስ በኋላ ይሆናሉ? ቃል በቃል የአክስቴ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ እሳቸው እጅ ላይ እስክሪብቶ አለ። የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር የባለሙያዎች ኮሚቴ አቋቋመ፤ በፌብሩዋሪ 2014 ሪፖርቱ ደረሰ። በሽታ አይደለም ይላል። በየማኅበረሰቡ የነበረ ነው፤ አፍሪካም ውስጥ ፈረንጅ ሳይመጣ ነበር ይላል። ተፈጥሮም አካባቢም እጅ አላቸው ይላል። ለነገሩ ብቻውን ምክንያት የሚሆን ጂን አልተገኘም ይላል። ፕሬዚዳንቱ ከዚህ ሁሉ የመጨረሻዋን መዘዙ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን ኢንቴቤ ላይ ካሜራ ፊት ተቀምጠው ፈረሙ።

ይህን ሳነብ የተናደድኩት በመፈረማቸው ብቻ አይደለም። ኮሚቴው አንድ ጂን የለም ማለቱ ትክክል ነው። ግን ቁመትም አንድ ጂን የለውም። ረጅም ሰው ቁመቱን ከመንገድ ተምሮት ነው የሚል የለም።

ያ ሕግ በስድስት ወሩ ወደቀ፤ ኦገስት 1 ቀን 2014 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሲጸድቅ ምልዓተ ጉባኤ አልነበረም ብሎ ሻረው። ሳይንስም ርኅራኄም አልነበረም ያዳናቸው፤ የወንበር ቆጠራ ነው። በ2023 ሌላ ሕግ መጣ። ሙሴቬኒ በማርች ወር ፓርላማ ፊት ቆመው ያንኑ ጥያቄ እንደገና አነሡ፤ ተፈጥሮ ነው ወይስ አስተዳደግ፣ ሐኪሞች ይንገሩን አሉ። በሜይ ፈረሙ። አዲሱ ሕግ በአንዳንድ ሁኔታዎች ሞት ያስፈርዳል። በኤፕሪል 2024 ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን አጸናው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥያቄው ያው፣ ፊርማውም ያው።

ታዲያ መልሱ «ተወልደውበት ነው» ቢሆን ኖሮስ? ያኔ ይድኑ ነበር? እኔም እንዲያ ብዬ ነበር የማስበው፤ ለአክስቴም የነገርኳት ለዚህ ነው። አንድ የቆየ ደብዳቤ ነው ሐሳቤን ያስቀየረኝ።

በ1860ዎቹ ጀርመን ውስጥ ካርል ሃይንሪክ ኡልሪክስ የሚባል የሕግ ሰው ነበር። ነገሩ ከውልደት ነው፤ ስለዚህ መቀጣት የለበትም ብሎ በአደባባይ ይከራከር ነበር። በ1868 ከርትቤኒ የተባለ የሀንጋሪ ጸሐፊ ጻፈለት። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበትን «ሆሞሴክሹዋል» የሚለውን ቃል የፈጠረው እሱ ነው። ደብዳቤው ላይ ከውልደት ነው እያልክ አትከራከር፤ ይህ በሁለት ወገን የተሳለ ቢላ ነው የሚል ሐሳብ አለ። ሕግ የሚያገባው ሰው ሰውን ሲጎዳ ነው፤ የዝንባሌው ምንጭ የሕግ ሥራ አይደለም ነው ነገሩ። ደብዳቤው ሲጻፍ የመቅደላ ዓመት ነበር፤ እኛ አፄ ቴዎድሮስን ስንቀብር ማለት ነው።

የከርትቤኒን ቢላ ታሪክ አወጣው። በርሊን ውስጥ ማግኑስ ሂርሽፌልድ የተባለ ሐኪም በ1897 ማኅበር አቋቋመ፤ መፈክሩ «በሳይንስ ወደ ፍትሕ» ነበር። በ1919 ትልቅ የምርምር ተቋም ከፈተ። ከውልደት መሆኑን ካሳየን ሕጉ ይሻራል ብሎ አመነ። በሜይ 1933 የናዚ ተማሪዎች ተቋሙን ዘረፉት፤ ከአራት ቀን በኋላ መጻሕፍቱን አደባባይ ላይ አቃጠሏቸው። በ1944 ደግሞ ቡኽንቫልድ ማጎሪያ ውስጥ አንድ የዴንማርክ ሐኪም ጌይ እስረኞችን ብሽሽታቸውን እየቀደደ የሆርሞን ክኒን ቀበረባቸው። ነገሩ በሰውነት ውስጥ ካለ እጠግነዋለሁ ነው ሐሳቡ። በእንግሊዝም ያሸናፊዎቹ ወገን ብዙ አልተሻለም። የናዚን ምስጢራዊ መልእክት በመፍታት ጦርነቱን ካገዙት አንዱ አለን ቱሪንግ በ1952 ተከሰሰ፤ ከእስር ይልቅ ሆርሞን ተወጋ። በሁለት ዓመቱ ሞተ።

ካልተወለድክበት ወንጀለኛ ነህ፤ ከተወለድክበት ደግሞ ብልሽት ነህና ይጠገን። 2019 ላይ ያ ትልቁ የጂን ጥናት በወጣ በሳምንታት ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ዘረ መልህን ላክልኝ፤ ምን ያህል ጌይ እንደሆንክ ልንገርህ የሚል መተግበሪያ ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ አወጣ። ተመራማሪዎቹ ጥናታችን እንዲህ አይልም ብለው ጮኹ፤ ተነሣ። ሰውዬው የሚኖረው የት እንደነበር ሳነብ እጄ ስልኩ ላይ ቀረ። ኡጋንዳ።

አክስቴ በመሀል አንድ ሌላ ነገር ጠይቃኛለች፤ እሱን መዝለል አልፈልግም። «ልጅ ሳለ ሰው ነክቶት ይሆን?» ይህን በሹክሹክታ ነው ያለችው። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያምነው ይህን ነው። የአክስቴን ልጅ ማንም አልነካውም፤ ራሱ ነግሮኛል። ግን የተነኩ ወንድ ልጆች አሉ፤ እና እነሱን የሚጎዳቸው ይኸው እምነት ነው። አንድ የተደፈረ ልጅ ለአባቱ ቢናገር «እንዲህ ልትሆን ነው» ተብሎ እንደሚታይ ያውቃል። ስለዚህ ዝም ይላል። ደፋሪው ደግሞ ጎረቤት ሆኖ ይኖራል። አንዱ ወንጀል ነው፤ ሌላው ፍቅር። ሁለቱን አንድ ከረጢት ውስጥ ስናስገባ የሚያተርፈው ወንጀለኛው ብቻ ነው።

ስለ ጸበልም አንሥታለች። ይምጣና ሁለት ሱባዔ ይያዝ፤ ይለቀዋል አለች። ጸበልን አልሳለቅበትም፤ እኔም ተጠምቄ ያደግኩ ነኝ። ብቻ ፈረንጆቹም የራሳቸው ዓይነት ነበራቸው። በ1973 ነገሩን ከበሽታ ዝርዝር ካስወጡት ሐኪሞች ዋናው ሮበርት ስፒትዘር ራሱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንዳንዶች በፈቃዳቸው ተለውጠዋል የሚል ጥናት አወጣ። ብዙ ወላጅ ያን ይዞ ልጁን ወደ «ማስተካከያ» ላከ። በ2012 ሰውዬው በስተርጅና ተሳስቼ ነበር ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ይህን ለአክስቴ አልነገርኳትም። «እሱ ይወስን» ብቻ አልኳት።

እሱን በመጨረሻ ጠየቅኩት። ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኩት፤ አንጎሉን፣ መንትዮቹን፣ ታላላቅ ወንድሞቹን። ደስ ይለዋል ብዬ። ዝም ብሎ ሰማኝና «እማዬ ብትጠይቅ እናት ናት። አንቺ ለምን ታጠኚኛለሽ? ፈተና አለብሽ?» አለኝ።

አፈርኩ። እሱ እኮ ከየት አመጣኸው ብሎ የጠየቀው ሰው ብዙም አላጋጠመውም። ሜሪላንድ በነበረበት ጊዜ ክፍል ያከራየው የአገራችን ሰው በሁለት ሳምንት ውጣልኝ ነው ያለው። የጂን ጥያቄ አላነሣም። ቤተ ክርስቲያን ከተወ ዓመታት አልፈዋል፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴን በዩቲዩብ ይከፍታል፤ ሻይ እያፈላ አብሮ ይቀበላል። ሐበሻ ምግብ ቤት ሲገባ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆሞ ማን ማን እንዳለ ያያል። ለአያታችን ሙት ዓመት እዚህ ስንሰበሰብ አልመጣም። ሥራ አለኝ አለ። ሥራ አልነበረውም።

አክስቴ ለሦስት ሳምንት አልደወለችም። እኔም ፈራሁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ስልኩ ጮኸ።

«በረዶው እንዴት አደረጋችሁ?»

ሴፕቴምበር ነበር። «ደህና ነው እቴቴ» አልኩ። ስለ ጎረቤት አወራን፤ ስለ ጤፍ ዋጋ፤ ሰው ሊመጣ እንደሆነና በርበሬ እንደላከች ነገረችኝ። አንዱ ላስቲክ የእኔ፣ አንዱ የእሱ። የእሱን አልጫ ቅመም ለብቻው አስራዋለች። ስንሰነባበት ደርሰናል ብዬ ሳስብ እንደገና ያ የለቅሶ ቤት ድምጿ መጣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ጠይቂኝ።»

«ብቻውን ነው የሚኖረው?»

ምን ልበል? የእሱን ነገር እኔ መናገር አልነበረብኝም። ግን ዋሽቼም አላውቅም።

«አይ» አልኩ። «ብቻውን አይደለም።»

ውሻው ይጮኻል። ረጅም ጊዜ ጠበቅኩ።

«ሌሊት አስሙ ሲነሣበት» አለች፣ «ያ ሰውዬ ይነቃል?»

«ይነቃል እቴቴ።»

«መድኃኒቱ የት እንዳለ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«እሺ» አለች። «በርበሬው ፀሐይ ያስፈልገዋል። ሳትከፍቱት አታስቀምጡት።»